ባሉኑስ ወጣ፣ ስፌቱም ተሰፋ፤ ከአምስት ዓመት በኋላስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1.62፣ ክብደቴ 104 ኪሎ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ጉበትሽ ላይ ስብ አለ ተብያለሁ፣ ስኳሬም ጠርዝ ላይ ነው። ኢስታንቡል ያለ አንድ ክሊኒክ ያለ ኦፕሬሽን፣ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ) ብቻ፣ ባሉን ወይም የጨጓራ ስፌት እንሠራልሻለን ብሎኛል። ሁለት ጓደኞቼ ባሉን አስገብተው ነበር። አንዷ እንደቀነሰች ቀርታለች፣ ሌላዋ ግን ከድሮው ብሶባት ወፍራለች። ከአምስት ዓመት በኋላ እኔስ ምን እሆናለሁ? ገንዘቤን ልክፈል ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። ሰው ሁሉ «ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ነው የሚለኝ። «ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እሆናለሁ?» የሚል ብዙ አይገጥመኝም። አጭሩ መልስ ይኸውልሽ፦ ባሉን ብቻውን አምስት ዓመት አያደርስሽም። ስፌቱ ሊያደርስሽ ይችላል፣ ያውም የሚከታተልሽ ሰው ካለ። ረጅሙን ደግሞ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ስለ ቁጥር እናውራ። ብዙ ማስታወቂያ ላይ «50% ይቀንሳሉ» የሚል ታያለሽ። ያየ ሰው 104 ኪሎው ወደ 52 የሚወርድ ይመስለዋል። አይወርድም። 50% የሚሉት ከትርፍ ክብደትሽ ነው፣ ማለትም ለቁመትሽ ልክ ነው ከሚባለው በላይ ካለው ብቻ። ላንቺ ቁመት ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ቁጥር) 25 ማለት 65 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ትርፍሽ 38 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ግማሹ ደግሞ 19። ጥሩ ነው፣ ግን 52 ኪሎ የለም። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2022 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ሜሪት የሚባል ጥናት አለ። ስፌቱን የተሠሩት ሰዎች በአንድ ዓመት ከትርፍ ክብደታቸው 49.2% ቀነሱ። እነዚያው ሰዎች፣ ያው የቀነሱት ኪሎ፣ ከጠቅላላ ክብደታቸው ሲሰላ 13.6% ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ ግን አልነግርሽም። ሰው ፐርሰንት ሲነግርሽ «ከምኑ?» በይው።

አሁን ወደ ባሉኑ። ለስላሳ ከረጢት ነው። በአፍ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ይሞላበታል፣ በብዛት የሚታወቀው ኦርቤራ በስድስት ወር ይወጣል። በካፕሱል የሚዋጠው አሉሪዮን ደግሞ ኢንዶስኮፒም አይፈልግም። አራት ወር ገደማ ሲሆነው ራሱ ፈሶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ቦታ ይይዛል፣ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ቶሎ ያጠግባል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ማንም በማስታወቂያ አይነግርሽም። ማስታወክ፣ ቁርጠት፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ማለት አለው። ጨጓራሽ የማይፈጨውን ነገር ሊያስወጣ እየታገለ ነው። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ጥቂቱ ግን «አሁኑኑ አውጡልኝ» ይላል፣ ይወጣለታልም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1985 አሜሪካ ውስጥ ጋረን ኤድዋርድስ የሚባል በአየር የሚሞላ ባሉን ተፈቅዶ ነበር። ቁስለት አመጣ፣ አንዳንዱም ተንፍሶ አንጀት ውስጥ ወርዶ ዘጋ። የማስመሰያ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ጋር ሲወዳደር ደግሞ ልዩነቱ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። በ1988 ከገበያ ወጣ። የዛሬዎቹ ከእሱ በብዙ የተሻሉ ናቸው። ኦርቤራ በአሜሪካው ጥናት በስድስተኛው ወር ከጠቅላላ ክብደት 10.2% አስቀነሰ፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ ብቻ የተመከሩት 3.3% ቀነሱ። በዓመቱ፣ ማለትም ባሉኑ ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ፣ 10.2ው 7.6 ሆነ። አየሽ፣ በስድስት ወር ውስጥ ብቻ ሩቡ ተመልሷል።

ከዚያ በኋላስ? ግሪክ ውስጥ ባሉን የገባላቸውን 500 ሰዎች የተከታተሉ ሐኪሞች በ2012 ውጤታቸውን አወጡ። አምስተኛው ዓመት ላይ 195 ሰዎች ነበሩ። ከነሱ ውስጥ ከትርፍ ክብደታቸው ከ20% በላይ እንደቀነሱ የቆዩት 23% ብቻ ናቸው። ላንቺ 20% ማለት ስምንት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከአራት ሰው አንዱም አልሞላም ማለት ነው፣ ያውም ለስምንት ኪሎ። እንግዲህ የሁለቱ ጓደኞችሽ ታሪክ ምስጢር የለውም። እንደቀነሰች የቀረችው ከዚያ 23% ውስጥ ነች። የተመለሰባት ደግሞ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፣ እባክሽ እንደዚያ አትበያት። ሰው ሲቀንስ የረሃብ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ የጥጋብ ምልክቱ ይዳከማል፣ ሰውነቱ ቁጭ ብሎም የሚያቃጥለው ጉልበት ይቀንሳል። ይህ ደግሞ በወራት አያበቃም፣ ለዓመታት ይቆያል። ባሉኑ ሥራውን የሚሠራው ውስጥ እስካለ ነው። ሲወጣ ትግሉ ይቀጥላል፣ አጋዥ ግን የለም።

ይህን ስል ባሉን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለጉልበት ወይም ለሌላ ኦፕሬሽን ክብደቱን ቶሎ ማውረድ ላለበት፣ ወይም ሰመመን ራሱ አደጋ ለሚሆንበት በጣም ከባድ ክብደት ላለው ሰው፣ ጥሩ ድልድይ ነው። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ የአምስት ዓመቱን ነው።

የጨጓራ ስፌቱ ሌላ ነገር ነው። በሙሉ ሰመመን ነው የሚሠራው። በኢንዶስኮፑ ጫፍ ላይ ጠማማ መርፌ ያለው የስፌት መሣሪያ ይገጠማል። ሐኪሙ የጨጓራውን ግድግዳ በትንሽ ጠምዛዛ ሽቦ ይዞ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ መርፌውን እስከ ውጪው ንጣፍ ድረስ ያሳልፈዋል፣ ከታች ወደ ላይ እየመጣ በትልቁ ጎን በኩል ይሰበስበውና ክሩን ያጠብቀዋል። በመጨረሻ ጨጓራው ጠባብ ይሆናል፣ ርዝመቱም ያጥራል። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሚቆረጥም ሆነ የሚወጣ ነገር የለም። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የላይኛው የጨጓራ ክፍል ሆን ተብሎ ሳይሰፋ ይተዋል፣ ምግቡ እዚያ ቆይቶ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሰዉ «ሁለት ጉርሻ በልቼ ጠገብኩ» የሚለው ለዚህ ነው።

የአምስት ዓመት ውጤቱ ከኒውዮርክ ነው የመጣው፣ በ2021 የታተመ። 216 ሰዎች ተሠርተው ነበር። አምስት ዓመት የሞላቸው በአማካይ ከጠቅላላ ክብደታቸው 15.9% እንደቀነሱ ነበሩ። 90% የሚሆኑት ቢያንስ 5%፣ 61% የሚሆኑት ቢያንስ 10% ይዘው ቆይተዋል። ከባድ ችግር ወይም ሞት አልተመዘገበም። ደስ የሚል ውጤት ነው፣ እኔም ለታካሚ እነግረዋለሁ። ግን ሙሉውን እነግረዋለሁ። አምስት ዓመት ሞልቷቸው ሊታዩ የሚገባቸው 68 ሰዎች ነበሩ፣ ከነሱ የተገኙት 82% ናቸው። ስለዚህ ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው «15.9%» ሃምሳ ምናምን ሰው ላይ የቆመ ቁጥር ነው። ያውም አንድ ማዕከል፣ እጃቸው በጣም የሠለጠነ ሐኪሞች። የቀሩትስ የት ሄዱ? ከልምድ የማውቀው ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ስልክ እንደማያነሳ ነው። ያፍራል። ስለዚህ እውነተኛው አማካይ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል አይገርመኝም።

በሜሪት ጥናት ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ከታዩት 60 ሰዎች 41ዱ ከትርፍ ክብደታቸው ቢያንስ ሩቡን እንደቀነሱ ቆይተዋል። ከባድ ችግር 2% ላይ ታይቷል፣ የሞተ የለም። ወደኛ ቀረብ ያለ ከፈለግሽ ሪያድ ላይ በተከታታይ የተሠሩ 1,000 ሰዎች ውጤት በ2019 ታትሟል፦ ከጠቅላላ ክብደት በዓመቱ 15%፣ በአንድ ዓመት ተኩል 14.8%። ቁጥሮቹ ከአገር አገር ብዙ አይራራቁም፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን አንቺ ላይ እናምጣው። ከ104 ኪሎ 15.9% ማለት 16 ኪሎ ተኩል ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ 87 ኪሎ ተኩል አካባቢ፣ ያውም ነገሩ እንደ አማካዩ ከሄደ። ቢኤምአይሽ 33 ይሆናል። በሰንጠረዡ መሠረት አሁንም ውፍረት ነው የሚባለው። ልብስ ሰፊሽ ደስ ይለዋል፣ ኢንስታግራም ግን ላይደነቅ ይችላል። ጉበትሽ ግን በደንብ ያውቀዋል። የጉበት ስብና እብጠት በደንብ የሚሻለው ሰው ከክብደቱ 10% ገደማ ሲቀንስ ነው፣ ላንቺ አሥር ኪሎ ተኩል ያህል ማለት ነው። ጠርዝ ላይ ያለው ስኳርሽም ከዚያ ባነሰም ይሻሻላል። እኔ ብሆን ግቤን እዚያ ላይ ነው የማስቀምጠው እንጂ 65 ኪሎ ላይ አይደለም።

ስፌቱ ይላላል ወይ? አዎ፣ ሊላላ ይችላል። አንዳንዱ ክር ይለቃል፣ ጨጓራውም በጊዜ ትንሽ ይሰፋል። ደግነቱ እንደገና ማጥበቅ ይቻላል፣ በኋላ ወደ ስሊቭ (አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ የሚወጣበት) ኦፕሬሽን መቀየርም ይቻላል፣ ምንም እንኳ ክሮቹ የቀዶ ሐኪሙን ሥራ ቢያከብዱበትም። ከመላላቱ በላይ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ስፌት ጠጣሩን ምግብ እንጂ ፈሳሹን አያቆምም። ወፍራም አጥሚት በስኳር፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ሁሉም ጨጓራው ጠበበ ሰፋ ሳይሉ ያልፋሉ። ጥሬ ሥጋውን ትተው በቢራ የተመለሱ አሉ። ለዘመድም ከወዲሁ ንገሪ፤ «በሞቴ» እየተባለ የሚመጣ ጉርሻ ለተሰፋ ጨጓራ ፍቅር አይደለም፣ ማስታወክ ነው። ጾሙንም አስቢበት። በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ያስፈልግሻል። ፍስክ ላይ እንቁላሉም ወተቱም አለ። ሁዳዴ ላይ ግን ሆድሽ በጣም ጠቦ ሳለ በሽሮና በምስር ብቻ ያን ያህል መሙላት ከባድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከትልቅ ጾም ጋር አታጋጥሚው፣ ወይም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ጡንቻ የሚቀልጠው ያኔ ነው፣ ጡንቻው ከሄደ ደግሞ ክብደቱ ሲመለስ የሚመለሰው ስብ ነው።

አሁን ክሊኒኩ የማይነግርሽን ልንገርሽ። «ያለ ኦፕሬሽን» የሚለው ቃል ያማልላል። የቀዶ ሕክምና ማኅበራት ግን በ2022 ባወጡት መመሪያ ቢኤምአዩ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖረውም ኦፕሬሽንን ይመክራሉ። ያንቺ 39.6 ነው። ስለዚህ ስሊቭና ባይፓስ (ጨጓራው ትንሽ ተደርጎ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያያዝበት ኦፕሬሽን) ላንቺ «የባሰበት ሰው» ሕክምና አይደሉም፣ እኩል መታየት ያለባቸው ናቸው። ከስፌቱ የበለጠ ያስቀንሳሉ፣ ይህ አያከራክርም። በእነሱም ቢሆን ግን ክብደቱ ሊመለስ ይችላል። ፊንላንድ ውስጥ 240 ሰዎችን ይዞ በጀመረው ጥናት በአሥረኛው ዓመት ስሊቭ የተሠሩት ከትርፍ ክብደታቸው 43.5%፣ ባይፓስ የተሠሩት 50.7% እንደቀነሱ ነበሩ። ስሊቭ ከተሠሩት 31% የሚሆኑት ደግሞ የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ ተጎድቶ ተገኝቷል፣ ባይፓስ ላይ 7% ነው። ቃር የሚያስቸግርሽ ከሆነ ይህን ቁጥር አትርሺው።

መድኃኒቱስ? ሴማግሉታይድ፣ ዌጎቪ የሚባለው የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ፣ በ68 ሳምንት ከጠቅላላ ክብደት 14.9% አስቀንሷል። ከስፌቱ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሌላው ተመሳሳይ መድኃኒት፣ ቲርዜፓታይድ፣ በከፍተኛው መጠን 20.9% ደርሷል። ነገር ግን ሴማግሉታይድ ያቆሙት በአንድ ዓመት ውስጥ የቀነሱትን ሁለት ሦስተኛ መልሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ዋጋውንና አቅርቦቱን ታውቂዋለሽ። ወር አለ፣ ወር የለም። ለዓመታት ሳይቋረጥ የምታገኚበት መንገድ ካለሽ ከባሉን በፊት እሱን ነው የምመርጥልሽ። ከሌለሽ የስፌቱ ሚዛን ይደፋል፣ ምክንያቱም ክሩ ፋርማሲ ውስጥ «አለቀ» አይባልም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀሙ ሐኪሞችም እየበዙ ነው፣ እኔም ወደፊቱ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም አለ። በዚህ ሙያ መሣሪያ መጥቶ መሣሪያ ይሄዳል። ምግብን በቱቦ ከጨጓራ የሚያስወጣው አስፓየርአሲስት በ2016 ተፈቅዶ በ2022 ከገበያ ጠፋ። ኢንዶባሪየር የሚባለው የአንጀት ሽፋን ጉበት ላይ መግል እያስከተለ በ2015 የአሜሪካው ጥናቱ ተቋረጠ፣ በ2017 አውሮፓም ፈቃዱን አጣ። ሁለቱም በጊዜያቸው ብዙ ተወርቶላቸዋል። «አዲስ ነው» ሲሉሽ አትደሰቺ። የጨጓራ ቦቶክስ ጨምረን በጥቅል እንሥራልሽ ካሉሽ ደግሞ እምቢ በይ። በ2023 መጀመሪያ ኢስታንቡልና ኢዝሚር ላይ ጨጓራቸው ውስጥ ቦቶክስ የተወጉ ከ60 በላይ ሰዎች ቦቱሊዝም (ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ) ይዟቸው ነበር። አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነው የታመሙት፣ ጀርመን ውስጥ ሳይቀር። ክብደት በመቀነስ በኩልም ጥቅሙ በጥሩ ጥናት አልተረጋገጠም።

እና ምን ላድርግ ካልሽኝ፦ ባሉኑን ተዪው። ስድስት ወር ሲሞላ ማን ያወጣልሻል? ተመልሰሽ ልትበሪ ነው? ቪዛው ቢዘገይስ? ጊዜው ያለፈበት ባሉን ሊተነፍስና አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ስፌቱን የምታስቢ ከሆነ ግን ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት እዚሁ የጨጓራ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ኢንዶስኮፒ ታዪ፣ የጨጓራ ቁስል የሚያመጣውን ኤች ፓይሎሪ ተመርመሪ፣ ካለብሽ ታከሚ። እኛ አገር ባክቴሪያው በጣም የተለመደ ነው፣ ቁስል ላይ ደግሞ ማንም አይሰፋም። ክሊኒኩን ስፌቱን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ፣ በስሙ ስንት እንደሠራ፣ ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ማን እንደሆነ ጠይቂ። ከሁሉም በላይ ግን «በ18ኛው ወር ሁለት ኪሎ ብጨምር ለማን ነው የምደውለው?» በያቸው። መልሱ የዋትስአፕ ቁጥር ብቻ ከሆነ እኔ ገንዘቤን አልከፍልም። እዚህ የሚከታተልሽ ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ ካገኘሽ፣ የኢስታንቡሉ ሥራ እንደ አንድ ቀን ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ክብደትሽ መመለስ ሲጀምር ሁለት ሦስት ኪሎ ላይ ሳለ መድኃኒት መጨመር ወይም ስፌቱን ማየት ይቻላል። አሥራ አምስት ላይ ከመጣሽ ግን ሁላችንም እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው። እርግዝና የምታስቢ ከሆነም አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ማቆየት ይመከራል።

ምክሬን ሁሉ ትተሽ ባሉን ካስገባሽ (ሰው ነሽ፣ ታደርጊዋለሽ) እነዚህን ልብ በይ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አንድ ቀን አታቋርጪ። ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትውሰጂ፣ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወደ ጀርባሽ የሚወጋ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ካለ፣ ወይም ከሳምንት በኋላም ማስታወኩ ካላቆመ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ስትገቢ «ጨጓራዬ ውስጥ ባሉን አለ» ብለሽ በአፍሽ ተናገሪ፣ ተረኛው ሐኪም አይቶ ላያውቅ ይችላል። ብዙ ቀን ካስታወክሽ ግሉኮስ ከመሰካቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ እጥረቱ አንጎል ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ባሉኑ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ሽንትሽ አንድ ቀን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካየሽው ባሉኑ ፈስሷል ማለት ነው። ነገ እሄዳለሁ አትበይ፣ ምግብም ውሃም ሳትወስጂ በዚያው ሰዓት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ሂጂ።